ሃያ አምስተኛው ኮምፒዩተር

ህይወት የዳንቴሉን ልብስ በአራት ጫፉ ሰብስባ አነሳችው፤ አቧራው ምንጣፉ ላይ እንዳይወድቅ በመስኮቱ አውጥታ አራገፈችው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን ስክሪን፣ ቀጥሎ ኪቦርዱን፣ በመጨረሻም ሳጥኑ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቢጫ ወረቀት ጠረገች። ወረቀቷ ላይ በማርከር «ጎ/ማ/ማ 017» ተብሎ ተጽፏል። ጎጀብ ማዶ ማሠልጠኛ ማለት ነው፤ እሷ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት። ላለፉት ስድስት ወራት ይህችን ቁጥር በየጠዋቱ ስትጠርግ አንድም ቀን ድምፅ አውጥታ አላነበበቻትም። ቤቱ የአክስቷ ነው፤ የምትተኛው እዚሁ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ በተዘረጋች ፍራሽ ላይ ነው፤ በኮምፒዩተር ባለሙያነት ሥራም ያስገቧት የአክስቷ ባል፣ የማሠልጠኛው የንብረት ክፍል ኃላፊ ጋሽ ሣህሌ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ጮክ ብሎ ለማንበብ መጀመሪያ የቤት ኪራይ መክፈል መቻል ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. ቦንጋ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት፣ ጣሪያዋ የማያፈስ ከሆነ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ገብታለች።

ኮምፒዩተሩ እዚህ ቤት ሥራ ፈት ነበር ማለት አይቻልም። አክስቷ እትዬ አልጋነሽ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሲመጣላቸው አዲስ አበባ ያገባችውን የልጃቸውን የብርቅዬን ሰርግ ያሳዩበታል። ሰርጉ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ህይወት የሚዜዎቹን ስም በአሰላለፋቸው ቅደም ተከተል ታውቃለች። ከአንድ ወር በፊት ግን የስክሪኑ መደብ ጠቆረ፤ በስተቀኝ ጥግም ይህ ዊንዶውስ እውነተኛ አይደለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ሰርጉ እስከታየ ድረስ እትዬ አልጋነሽ ምን ቸገራቸው። ህይወት ያን ጊዜ ነገሩ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። መጠየቅ ግን ቁጥሯን ማንበብ ሊሆንባት ነው፤ ተወችው። ከሦስት ቀን በፊት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች በሙሉ በአንድ ጠዋት ጠቆሩና፣ ነገሩ የማይተው ሆነ።

ዳንቴሉን መልሳ እያለበሰች ሳለ የጋሽ ሣህሌ ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስልክ ላይ ናቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ… ልጅቷ ጀማሪ ናት፤ ምን እንደነካካች እንጃ። … አይ፣ ዕቃውማ አንድም አልጎደለም፤ ሁሉም በየቦታው ነው። … ዘመዴ ናት ብዬማ አልከላከልም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሙከራ ጊዜዋ ይገመገም የለ? የምትወስኑትን መወሰን ነው።»

ወጡ፤ ክራቫታቸውን እያጠበቁ «ሻይ ጠጣሽ?» አሏት። «ጠጣሁ» አለች፤ አልጠጣችም ነበር። እትዬ አልጋነሽ ከጓዳ በር ላይ የስኳሩን ጣሳ ይዘው ቆመዋል፤ ባላቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጣሳው ውስጥ አዩ። ጋሽ ሣህሌ ጃንጥላቸውን አንስተው ቀድመው ሄዱ፤ ሌላ ቀን አብረው ነበር የሚሄዱት።

ማሠልጠኛው ዳገት ላይ ነው። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ህይወት የሲሚንቶ ደረጃውን ወጥታ ቢሮ ስትገባ ጸሐፊዋ ላቀች የጠቆረውን ስክሪኗን በእጅ መስታወት እንደምታይ ሴት አንገቷን አዘንብላ እያየችው አገኘቻት። ላቀች አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርታለች፤ የማታውቀው ደብዳቤም፣ የማታውቀው የቤት ገመናም የለም።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሐሰተኛ ነሽ እያለኝ ነው።»

«ዊንዶውሱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም።»

«ታዲያ ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ! ፋይናንሶች ደግሞ ምን እንደሚሉ ሰምተሻል? ‹ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ኦሪጅናል ሳይሆኑ ዊንዶውሱ ከየት አምጥቶ ኦሪጅናል ይሁን› ይላሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺን ግን እየበሉሽ ነው። ትክክለኛውን አጥፍታ የገበያ ጫነችብን እየተባለ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ አንድ ነገር አድርጊ።»

ህይወት ከዋጫ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ ዲፕሎማ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ‹አልበቃችም› ከተባለች ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ያንኑ ይዛ መመለስ ነው፤ ያውም ኮምፒዩተር አበላሽታ ተባረረች የሚል ወሬ ቀድሟት። ሰርቨሩ ያለበት ጠባብ ክፍል ገባች፤ ወንበሩ ላይ የተከመረውን የስብሰባ ባነር አነሳችና ሐዋሳ ደወለች። የምትደውለው ዋለ ለሚባል የክልል ባለሙያ ነው፤ እሷ ከመቀጠሯ አንድ ወር በፊት መጥቶ ሲስተሙን የዘረጋው እሱ ነው። ሦስት ቀን ስትሞክር ስልኩ አልነሳ ብሎ ነበር፤ ዛሬ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ሰርቨሩ ላይ ቆጠራው ስንት ይላል?» አላት።

«ሃያ ሁለት።»

«በቃ፣ እሱ ነው። ሃያ አምስት ካልሞላ አይፈቅድም።»

ዋለ ቀስ ብሎ አስረዳት። አንድ ሰው ለቤቱ ዊንዶውስ ሲገዛ ለአንድ ኮምፒዩተር አንድ ቁልፍ ይገዛል። መሥሪያ ቤት ግን በጅምላ ነው የሚገዛው፤ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ይወሰድና ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች በየሰባት ቀኑ በኔትወርኩ እየሄዱ አለሁ ይሉታል፤ እሱም የመቶ ሰማንያ ቀን ፈቃድ ያድስላቸዋል። ሠላሳ ቀን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማውን ከቆጠራ ያወጣዋል። የሚያውቃቸው ከሃያ አምስት ያነሱ እንደሆነ ደግሞ ለአንዳቸውም አያድስም፤ ይሄ መሥሪያ ቤት አይደለም ብሎ ዝም ይላል። ያኔ የሠራው ለምን ነበር ብትለው ሳቀ። ያን ሳምንት ማሠልጠኛው ሠላሳ ሰው ሰብስቦ ሲያሠለጥን ከክልል የመጡ ሃያ ላፕቶፖች ኔትወርኩ ላይ ነበሩ። ላፕቶፖቹ ሄዱ፤ ሰርቨሩ ሠላሳ ቀን አስታወሳቸው፤ ከዚያ ረሳቸው። የመጨረሻው ፈቃድ ከዚያ መቶ ሰማንያ ቀን ቆጥሮ ይኸው ሰሞኑን አለቀ።

«እንደ ምልዓተ ጉባኤ ነዋ» አለች ህይወት።

«ተባረኪ! ስብሰባ የለመደ ሰርቨር ነው። ቁጥር ካልሞላ አጀንዳ አይከፍትም።»

ሌላ መንገድ እንዳለ ጠየቀችው። አለ፤ ቆጠራ የማይፈልግ፣ እያንዳንዱን ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የሚከፍት ሌላ ዓይነት ቁልፍ አለ፤ ግን በደብዳቤ ይጠየቃል፣ ደብዳቤው ደግሞ አንድ ወር ይፈጃል። ሰዓቷን አየች። አራት ተኩል።

መጀመሪያ የሞከረችው ቀላሉን ነው፤ ከማሠልጠኛው በር ፊት ለፊት ወዳለው የከሚል ኢንተርኔት ቤት ተሻገረች። ከሚል ስምንት ኮምፒዩተር አለው፤ ደቂቃ በሃያ አምስት ሳንቲም ያስጠቅማል፤ ዝናብ ሲሆን ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት በነፃ ነው። ሦስት ኮምፒዩተር ለአንድ ሰዓት እንዲያውሳት ስትጠይቀው ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «ህይወትዬ፣ የእኔዎቹ ገና ከካርቶን ሲወጡ ጀምሮ የተሰረቁ ናቸው። የመንግሥት ሰርቨር ፊት ወስደሽ ብታሰልፊያቸው አንድ በአንድ እየተናዘዙ ያስይዙኛል።» ሳቀች፤ የቀኑ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እውነቱም እሱ ነው፤ ሰርቨሩ የሚቆጥረው ለመሥሪያ ቤቱ በጅምላ የተገዛው ዊንዶውስ የተጫነባቸውን ብቻ ነው። የማንም ኮምፒዩተር አይጠቅማትም። የሚጠቅማት የማሠልጠኛው የራሱ ነው።

ተመልሳ የንብረት ዝርዝሩን ዘረጋችው። ዝርዝሩ ሠላሳ አንድ ይላል። አራቱ ዋጫ ቅርንጫፍ፣ ሁለቱ ሺሺንዳ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የሚያገናኝ መስመር የለም። ሃያ ሁለቱ እዚህ ናቸው። ሃያ ሁለትና ስድስት ሃያ ስምንት። እርሳሷን አስቀመጠች። የጎደሉት ልክ የሚያስፈልጓት ሦስቱ ናቸው። ወረቀቱን ሠላሳ አንድ ጊዜ መፈረም ይቻላል፤ ሰርቨሩ ግን ያላየውን አይቆጥርም። ሦስት ቁጥሮች ቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጠችና ወደ ላቀች ሄደች። ስታፍር ድምፅዋ ከአፏ ሳይሆን ከወረቀቱ የሚወጣ ይመስላል።

«ላቀች፣ ሦስት ኮምፒዩተሮች… ለጥገና ወጥተው የቀሩ ይመስለኛል። 009፣ 017፣ 026። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተመልሰው ኬብል ላይ ካልተሰኩ ሁሉም እንደጠቆረ ይቀራል። ማን ጋ እንደቆዩ አልጠይቅም።»

ላቀች ቁራጯን ወረቀት አነበበች። ጆሮዋ ቀላ። «ለጥገና» አለች።

«ለጥገና።»

«026 የት ጥገና ላይ እንዳለ የማውቅ ይመስለኛል» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ተሰማ። ላቀች ከኋላ ወንበር በሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ግን ጥበቃው ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አሉ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ከግቢው የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ በአንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ይጽፋሉ፤ ያለ ወረቀት ወንበር አያሳልፉም። ይህኛው ኮምፒዩተር እንዴት እንዳለፋቸው አይታወቅም፤ አዳራሹ በእንግዳ የተሞላ ዕለት ይሆናል። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጡ፤ ደጋግመው ገለጡ።

«አልወጣም ይላል።»

«ታዲያ ይኸው ገባ፣ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ» አለች ላቀች።

«ያልወጣ ዕቃ እንዴት ይገባል? መውጫው ላይ ቁጥር ከሌለ መግቢያው ላይ ምን ልበል? ተወለደ ልበል?»

ህይወት ደረሰችና የርክክብ ቅጽ በኋላ አስፈርማ እንደምታመጣ ቃል ገባች። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ እስኪርቢቶ ሳይሆን እርሳስ አውጥተው በዳር በዳሩ ጻፉ። ኮምፒዩተሩ ተሰካ፤ ውስጡ አሥራ ሰባት የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ነበረበት፤ ሰርቨሩ ግድ አልሰጠውም። ሃያ ሦስት።

ወሬው ቢሮ ለቢሮ ዞረ፤ ቁጥሩ ሲሞላ ነው የሚበራው፣ ማንም አይጠየቅም። ስምንት ሰዓት ላይ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር 009ን በዝናብ ልብስ ሸፍኖ አስገባው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ኮሪደሩ ላይ ህይወትን አስቁመው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የወርቅውሃ ማመልከቻ በሦስት ብር የሚጽፉበት ሱቅ ውስጥ ይህ ኮምፒዩተር «ለሙከራ ያህል» እንደቆየ ነገሯት፤ ሙከራው መጠናቀቁንም ጨመሩ። «ጥሩ ነው» አለች ህይወት፤ ሄዳም ኬብሉን ሰካች። ሃያ አራት።

ከዚያ ቆመ። ስምንት ከሩብ ሆነ። የንብረት ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ጋሽ ሣህሌ ጋዜጣ ይዘዋል። ወደ ውስጥ ገባችና እጆቿን ከኋላ አድርጋ ቆመች።

«ጋሽ ሣህሌ፣ አንድ ቀርቶናል።»

«ግምጃ ቤት ፈልጊ።»

«ፈለግሁ።»

«ዋጫ ደውይ እንግዲህ።»

«የዋጫው ከዚህ አይቆጠርም።» «017ን ነው ያጣሁት።»

ጋዜጣው ተገለጠ። ከስፖርቱ ገጽ ኋላ «ዝርዝሩ ስህተት ይኖርበታል» የሚል ድምፅ መጣ። ዝርዝሩን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ቢጫዋ ወረቀት ላይ ያለችው የዜሮዋ ሆድ የእሳቸው እጅ ጽሕፈት መሆኗን ህይወት ከማንም በላይ ታውቃለች። ጠዋት በግድግዳው በኩል የሰማችውን ልትናገር ነበር፤ ይልቅ «እሺ» አለችና ወጣች። ከበሩ ስትወጣ ግን ወደ ቢሮዋ አልዞረችም። ባጃጅ በኮንትራት ያዘች፤ ደርሶ መልስ ሃያ አምስት ብር፤ ለነገው የአውቶቡስ መሳፈሪያ ያስቀመጠችው ነበር።

እትዬ አልጋነሽ ሰርጉን ብቻቸውን እያዩ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ነው። ህይወት በሩ ላይ ቆማ ኮምፒዩተሩን መውሰድ እንዳለባት ነገረቻቸው። ለምን እንደሆነም፣ ቁጥሩም፣ ዘጠኝ ሰዓቱም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ሣህሌ ያውቃል?»

«አያውቁም።»

እትዬ አልጋነሽ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ቢላዋው ኬኩ ላይ ደርሷል። ህይወት በልቧ ሻንጣዋን ማሸግ ጀምራለች፤ ሹራቧን ከታች፣ ዲፕሎማዋን ከላይ።

«የብርቅዬ ሰርግስ?»

«ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ።» ፍላሹን ከአንገቷ ክር አውጥታ አሳየቻቸው።

«ካለፈው ወር ጀምሮ!» እትዬ አልጋነሽ ተነሱና ራሳቸው ሶኬቱን ነቀሉት፤ ኬኩ ሳይቆረስ ጠፋ። «ጠዋት ስልኩን እኔም ሰምቻለሁ። የገዛ እህቴ ልጅ ናት ጀማሪ የምትባለው። እኔን መስማት የተሳናት አድርጎኛል። በይ፣ ያንን ዳንቴል እጠፊው፤ ሳጥኑን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ስክሪኑን ያዢ። ነጠላዬን ልደርብ ብቻ።»

እንደሚመጡ ህይወት አላሰበችም ነበር። ባጃጁ ውስጥ ሳጥኑን እንደ ድግስ ማሰሮ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በየጉድጓዱ ሾፌሩን ቀስ እያሉት፣ መንገድ ላይ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በአንገታቸው ሰላም እያሉ ሄዱ። በሩ ላይ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ደብተራቸውን ከፈቱ።

«ይኸኛውም አልወጣም» አሉ፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ወጥቷል። እኔ ቤት ነበር» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ ለጠቅላላ ግቢው በሚሰማ ድምፅ። «የሣህሌ ባለቤት ነኝ። ጻፍ፤ በእስኪርቢቶ ጻፍ።»

የንብረት ክፍል መስኮት ተከፈተ፤ ወዲያው ተዘጋ። ህይወት ሮጣ ኬብሉን ሰካች። ሃያ አምስተኛው ሆኖ የደረሰው 017 ራሱ ከሁሉ ቀድሞ ፈቃድ አገኘ፤ ጥቁሩ ጠፋ፣ ሰማያዊው መጣ፣ ብርቅዬ በቬሎዋ የስክሪኑ መደብ ላይ ብቅ አለች። ከዚያ ህይወት ከክፍል ክፍል እየዞረች በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች። እንደ መብራት ናቸው፤ ፋይናንስ በራ፣ ሬጅስትራር በራ፣ ላቀች ወንበሯ ላይ እንዳለች እጇን አንስታ እልል አለች። የሥራ አስኪያጁ ኮምፒዩተር ሲበራ ለዘጠኝ ሰዓት አራት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ግምገማው አጭር ነበር። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ችግሩ ምን እንደነበር ለቃለ ጉባኤ እንድትገልጽ ጠየቋት።

«ቁጥር ጎድሎ ነበር። አሁን ሞልቷል።»

«የምን ቁ…» አሉና ላቀችን አዩ፤ ላቀች እስኪርቢቶዋን አየች። «ጥሩ። ሞልቷል ብላችሁ ጻፉ። በቋሚነት እንድትቀጠር የሚደግፍ?» የእሳቸውና የላቀች እጅ ወዲያው ወጣ። የጋሽ ሣህሌ እጅ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ክራቫታቸውን ነካ፤ ከዚያ እሱም ወጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ህይወት ሦስት የርክክብ ቅጾች ይዛ ንብረት ክፍል ገባች፤ ሁለቱ ተፈርመዋል። ሦስተኛውን ፊታቸው አስቀመጠችው። ጋሽ ሣህሌ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ቅጹን ራሳቸው ያሳተሙት ቢሆንም።

«አሁን በርቷል አይደል? ከሳምንት በኋላ ወደ ቤት ቢመለስስ? አንዱ ብቻ ነው።»

ስድስት ወር ሙሉ እምቢ ብላቸው አታውቅም። «ሰርቨሩ በሠላሳ ቀን ይረሳዋል፣ ጋሽ ሣህሌ። ሃያ አራት እንሆናለን።»

አላዘዟትም፣ አልተቆጧትም። እስኪርቢቶውን አነሱና አስረካቢ ከሚለው ላይ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ተረካቢ ከሚለው ላይ ደርሰው ቆሙ። ንብረት የሚረከብ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም። እዚያም ስማቸውን ጻፉ፤ ሁለተኛው ፊርማ ከመጀመሪያው ትንሽ አነሰ።

«አክስትሽ ተቆጥታለች?»

«እንጃ። በሩ ላይ ከጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጋር ሻይ እየጠጡ ነው። እርስዎን እየጠበቁ ነው መሰለኝ።»

ጋሽ ሣህሌ ኮታቸውን ለበሱ፤ ቁልፎቻቸውን ተራ በተራ ሲነኳቸው ቆዩ፤ ከዚያ ወጡ። ህይወት ቀለሙ እስኪደርቅ ቅጹን እፍ አለችበት። በመብሻው ሁለት ቀዳዳ አበጀችለት፣ ከሁለቱ ቅጾች በላይ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው፣ የፋይሉን ሽቦ አጠፈችና መደርደሪያው ላይ፣ በተራ ቁጥሩ ቦታ፣ አቆመችው።